አዲስ የምርምር መሣሪያ ለመሥራት ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ በአሜሪካ በሥነ ሕይወት የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ቤተ ሙከራችን ሕያው ሴልን ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት መመልከት የሚያስችል አዲስ ማይክሮስኮፕ ለመሥራት የድጋፍ ማመልከቻ ቢያስገባም፣ «የሚፈተን መላ ምት የለውም» ተብሎ ውድቅ ተደረገብን። ውድ መሣሪያ ከፋብሪካ ለመግዛት ግን ድጋፍ ሲሰጥ አያለሁ። ለመግዣ የተገኘው ገንዘብ ለመሥሪያ ለምን ይጠፋል? ምን ብናደርግስ ይሻላል?

መልስ፦ የሁለቱ ገንዘብ ምንጭ የተለያየ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ኤስ10 በተባለው ፕሮግራም የሚደግፉት በገበያ ላይ ያለ መሣሪያ መግዛትን ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ዋጋውም ሆነ አቅሙ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ገምጋሚን አያስቸግርም። ገና ያልተሠራ መሣሪያ ግን ብዙ ጊዜ ስለ አንድ በሽታ ወይም ፕሮቲን ከሚጠይቁ ማመልከቻዎች ጋር በአንድ መስፈርት ይመዘናል። ይህ አሠራር ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መሣሪያ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት ከተሠራ በኋላ ነው።

ሪቻርድ ሄንደርሰን የተባለውን ብሪታንያዊ ተመራማሪ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከናይጀል አንዊን ጋር በካምብሪጅ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያሳዩት ፕሮቲን፣ ሰባት ዘንጎች እንዳሉት ብቻ የሚለይበት ብዥ ያለ ቅርጽ ነበር። የአተሞቹን አቀማመጥ ለማሳየት የበቃው በ1990 ነው። በየሦስትና አራት ዓመቱ ውጤት የሚጠየቅ ተመራማሪ እነዚያን 15 ዓመታት ባልዘለቀ ነበር፤ እርሱን ያቆየው የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ለቤተ ሙከራው የሚሰጠው ዘላቂ በጀት ነው። ዣክ ዱቦሼ በሃይደልበርግ ውሃን የበረዶ ቅንጣት ሳይሠራ በቅጽበት የማቀዝቀዝ ዘዴ ፈጠረ፤ ዮአኪም ፍራንክም በአሜሪካ ምስሎችን የሚያጣምር ስሌት ቀመረ። የእነዚህ ሥራዎች ድምር ፕሮቲንን አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የማየት ዘዴ ሆነ፤ ሦስቱም በ2017 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በየካቲት 2020 የኮሮና ቫይረስ ወደ ሴል የሚገባበት ፕሮቲን ቅርጽ፣ የቫይረሱ የዘር ቅደም ተከተል ይፋ በሆነ በሳምንታት ውስጥ የታወቀው በዚሁ ዘዴ ነው።

ኤሪክ ቤትዚግና ሃራልድ ሄስ ደግሞ በ2005 መደበኛ ሥራ ሳይኖራቸው፣ በካሊፎርኒያ በሄስ ሳሎን ውስጥ በራሳቸው ገንዘብ ማይክሮስኮፕ ገጣጠሙ፤ ቤትዚግ በ2014 ለኖቤል በቅቷል። ይህን ታሪክ «ድጋፍ ባይኖርም ይቻላል» ለማለት የሚጠቅሱ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሁለቱ ቀደም ሲል በቤል ላቦራቶሪዎች፣ በአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ማዕከል፣ ብዙ ልምድ ያካበቱ ነበሩ፤ ማይክሮስኮፑ የተመካበት፣ በብርሃን የሚበራው ፕሮቲንም በአሜሪካ ቤቴስዳ በሚገኘው የመንግሥት ቤተ ሙከራ የተሠራ ነበር። ያ ሁሉ የተከፈለበት ዕውቀት ነው።

በተቃራኒው በዕቅድ የተሳካም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሰው ጂኖም ምርምር ተቋም በ2004 «አንድ ጂኖም በ1,000 ዶላር» የሚል፣ የአንድን ሰው ሙሉ የዘር መረጃ በዚህ ዋጋ የማንበብ ግብ አስቀምጦ ለተለያዩ ያልተፈተኑ ሐሳቦች ገንዘብ አከፋፈለ። ዲ.ኤን.ኤን በጥቃቅን ቀዳዳ አሾልኮ የማንበብ ሐሳብ ከተደገፉት አንዱ ሲሆን፣ በእጅ የሚያዘው ሚናየን የተባለው መሣሪያ በ2014 ለተመራማሪዎች ደርሶ፣ በ2015 በጊኒ የኢቦላ ቫይረስን የዘር ቅደም ተከተል ለማንበብ አገልግሏል።

ለእናንተ የምመክረው፣ በመጀመሪያ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽንን የመሣሪያ ፕሮግራሞች እንድትመለከቱ ነው፤ መግዛትን ብቻ ሳይሆን አዲስ መሥራትንም ሲደግፉ ቆይተዋል። ማመልከቻውን ስትጽፉ አሁን ባሉት ማይክሮስኮፖች ፈጽሞ ሊመለስ የማይችል አንድ ጥያቄ ያለው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ አጋር አድርጉ፤ በሙከራ ሞዴላችሁ ያነሣችሁትን፣ ጥራቱ ዝቅተኛም ቢሆን፣ አንድ ምስል አያይዙ። በበጀቱ ውስጥ ደግሞ የአንድ መሐንዲስ ደመወዝና መሣሪያውን በሌላ ቤተ ሙከራ ተክሎ የማሠልጠኛ ወጪ ይግባ። ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል፤ የሠራው ተማሪ ተመርቆ ሲሄድም መሣሪያውን የሚያንቀሳቅስ ሰው ይጠፋል።