የሕግ ምክር፦ በወሊድ ጊዜ ለደረሰብኝ ጉዳት ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ የምኖር ሴት ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን ልወልድ ጤና ጣቢያ ገብቼ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን አማጥሁ። ስጮህ አዋላጇ በጥፊ መታችኝ፤ «ስትፀንሺ መቼ ጮኽሽ?» አለችኝ። በመጨረሻ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። እዚያ ደግሞ ለቀዶ ሕክምናው የባለቤቴ ፊርማ ያስፈልጋል ተብሎ ከማሳ እስኪመጣ ተጠበቀ። ልጄ ሞቶ ተወለደ። ከዚያ ወዲህ ሽንቴን መቆጣጠር አልቻልሁም። እንጀራ የማቀርብላቸው ሁለት ሆቴሎች በሽንቱ ሽታ ምክንያት ተዉኝ፤ ባለቤቴም ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ ብሎኛል። ጎረቤት የእግዜር ቁጣ ነው ይላል። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነኝ። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይችላሉ። ነገር ግን የቀረዎት ጊዜ አምስት ወር ብቻ ነው ብለው ይነሡ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ከረዘመ ረጅሙ ይሠራል፤ ሕክምና በውል ላይ የቆመ ስለሆነ የአሥር ዓመቱ ይርጋ ይገዛዋል ብለው የሚሟገቱ ጠበቆችም አሉ። በር ከተዘጋ በኋላ የሚነሣ ክርክር ነውና በሩ ክፍት ሳለ ይግቡ። ተከሳሽ መልስ ሲሰጥ አስቀድሞ የሚመዝዘው ይርጋን ነው።

የእግዜር ቁጣ የሚሉዎትን ይተዉአቸው። የነገሩኝ ምልክት የወሊድ ፊስቱላ ይመስላል። ምጥ ሲራዘም የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ይሞትና ሽንት የሚያፈስ ቀዳዳ ይከፈታል። ባሕር ዳር የሚገኘው የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይህንን በነፃ ያክማል። ክሱን ሳይጠብቁ ሄደው ይታከሙ። እዚያ የሚጻፈው የሕክምና ማስረጃ የጉዳትዎን ዓይነትና መንስኤ ስለሚገልጽ ለክሱም ዋና ምሰሶ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። የሕክምና ውጤት መክፋቱ ብቻውን ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። ቁጥር 2031 የሚጠይቀው ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቋል ወይስ አልጠበቀም ብሎ ነው። በወሊድ ጉዳይ የዚህ ምስክር አንዲት ወረቀት ናት፤ ፓርቶግራፍ ትባላለች። ከላይ የፅንሱ የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከመካከል የማኅፀን በር አከፋፈት በየአራት ሰዓቱ፣ ከታች የእናቲቱ የደም ግፊትና ሙቀት ይሞላባታል። በመሃል ሁለት ያጋደሉ መስመሮች አሉባት፤ አንዱ የማስጠንቀቂያ፣ ሌላው የእርምጃ መስመር ነው። የማኅፀን በር አከፋፈት ነጥቦቹ የእርምጃ መስመሩን ከተሻገሩ በኋላ እርስዎ ሌላ ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ ከቆዩ ወረቀቷ ራሷ ትናገራለች። ባዶ ሆና ከተገኘች ደግሞ ክትትል አልነበረም ለማለት ትረዳለች። የሌሊቱ ነጥብ ሁሉ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ትንፋሽ የተደረደረ ከመሰለ ያንንም ዳኛ ፊት ማንሣት ይገባል።

ስለዚህ የጤና ጣቢያውን ካርድ፣ ፓርቶግራፉንና የሪፈር ወረቀቱን ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከማመልከቻዎ አንዱን ቅጂ «ደርሶናል» የሚል ማኅተምና ቀን አስመትተው ይያዙ። ሪፈሩ ላይ ከጤና ጣቢያ የወጡበት፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ የገቡበትና ቀዶ ሕክምናው የተጀመረበት ሰዓት አለ፤ ሆስፒታል ከገቡበት እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለው ክፍተት ፊርማ ሲጠበቅ የባከነውን ያሳያል። ቢከለክሉዎት ፍርድ ቤቱ ሰነዱን እንዲያስቀርብ በክሱ ላይ ይጠየቃል።

ስለ ፊርማው አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ አካለ መጠን የደረሰችና አእምሮዋ የተስተካከለ ሴት ስለ ገላዋ የምትፈርመው ራሷ ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 ሕክምናን የመቀበልና ያለመቀበል መብት የሰውዬው የራሱ ነው፤ ባል የተጠቀሰበት ቦታ የለም።

ተከሳሽ የሚሆነው አዋላጇ ብቻ አይደለችም። ቁጥር 2651 የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ባለሙያዎች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ቁጥር 2126 ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው መንግሥትን መጠየቅ ይፈቅዳል። ሁለቱን ተቋማት አንድ ላይ ይክሰሱ፤ አንዱ በሌላው ማመካኘቱ አይቀርምና።

ካሳውን ስናሰላ ግን ሕጉ ልብ ይሰብራል። ሞቶ የተወለደ ልጅ በሕግ ሰው ሆኖ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ክሱ የሚቆመው በእርስዎ አካል ላይ በደረሰው ጉዳት ነው። ለኅሊና ሐዘን የሚከፈለውም በቁጥር 2116 ከ1000 ብር አይበልጥም። በ1952 ዓ.ም. የተጻፈ ቁጥር ነው፤ ዛሬ ለአንድ የባሕር ዳር ምልልስ እንኳ መብቃቱን እጠራጠራለሁ፤ ሕግ አውጪውም ሊያፍርበት ይገባ ነበር። ስለሆነም ጉልበትዎን በቁሳዊ ጉዳቱ ላይ ያውሉት፦ ለሁለቱ ሆቴሎች በቀን ስንት እንጀራ ያቀርቡ ነበር፣ በስንት ብር፣ ጤፉና ማገዶው ሲቀነስ ምን ይተርፍዎት ነበር። የሆቴሎቹን ባለቤቶች ይመስክሩልኝ ብለው አሁኑኑ ያነጋግሩ። የመጓጓዣና የሕክምና ወጪ፣ ወደፊት የሚያጡት ገቢም ይጨመራል። የዳኝነት ክፍያ ከከበደዎት በደኸይነት ለመክሰስ እንዲፈቀድልዎት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ።

ጥፊውና ስድቡ በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ወንጀሎች ናቸው፤ አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ ስለነበረበት ያ መንገድ ተዘግቷል። ለክልሉ ጤና ቢሮ የሥነ ምግባር አቤቱታ ማቅረብ ግን ይችላሉ። አብረዎት የነበረች ሴት ካለች ስሟን ይጻፉ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ በሽታ ሚስትን ከቤት ማስወጫ ምክንያት አይሆንም። ወደ እናትዎ ቤት ለማረፍ ቢሄዱ መብትዎ አይጠፋም፤ ግን ምንም ወረቀት ሳያነቡ አይፈርሙ። በክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም ይሰፍራል። ደብተሩ ከቤት ሳይወጣ የእርስዎ ስምና ፎቶግራፍ መኖሩን አይተው ቅጂውን በእጅዎ ያስገቡ።