ጉልበት ካስቀየሩ በኋላ የጉልበት ሎሚ ምን ያሰጋዋል? ጥያቄና መልስ

ደሴ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጉልበት ያስቀየረ ሰው ስለተገጠመለት ብረት እንጂ ስለ ሎሚው፣ ማለትም ከጉልበት ፊት ለፊት ስላለው ክብ አጥንት፣ ብዙም አይጠይቅም። እስቲ ዛሬ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። እናቴ ጉልበቷን ልትቀየር ነው። ሎሚውን የሚጎዳው ምንድን ነው?

መልስ፦ አጥንቷ የሳሳ ከሆነ፣ የሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ) ካለባት፣ ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ ከወሰደች ወይም ክብደቷ ከበዛ ሎሚው የመሰበር ስጋቱ ይጨምራል። ጉልበቱ ለሁለተኛ ጊዜ የሚቀየር ከሆነም እንዲሁ።

ለእኔ ግን ዋናው የቀዶ ጥገናው አሠራር ነው። ሐኪሙ አንዳንዴ የሎሚውን የውስጥ ገጽ ቆርጦ ፕላስቲክ ይገጥምበታል። ከልክ በላይ ከተቆረጠ ይሳሳል፤ ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር አጥንት እንዲቀር ይፈልጋሉ። በጭን አጥንት ጫፍ ላይ የሚገጠመው ብረት ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመ ደግሞ ሎሚው ከመስመሩ ይወጣል። ይህን ለማስተካከል በውጭ ጎኑ የወጠረው ጅማት ሲለቀቅ ደም ሥሩም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ደም ያጣ አጥንት በቀላሉ ይሰበራል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕላስቲኩ ቢቀርስ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ሐኪሞችም ገና አልተስማሙበትም። ስብራቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ፊት ለፊቱን እያመማቸው ድጋሚ ቀዶ ጥገና የሚገቡ አሉ። አስቀድመሽ ሐኪሙን ጠይቂው፣ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ ሳልወድቅ ሎሚህ ተሰብሯል አሉኝ። ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ ይሆናል አባቴ። ብዙው እንዲያውም ያለ መውደቅ ነው የሚመጣው። ሳያምም ለክትትል በተነሳ ራጅ የሚገኝም አለ። ፕላስቲኩ ካልላላና እግርዎን ዘርግተው ማንሳት ከቻሉ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በማሰሪያ ይታከማል። እግርዎን ማንሳት ካቃተዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ወጌሻ ቢያሸውስ?

መልስ፦ በፍጹም።

ጥያቄ፦ ሶላትና ስግደትስ?

መልስ፦ ወሎ ላይ ይህ ሳይጠየቅ አይቀርም! ጉልበት አብዝቶ ሲታጠፍ ሎሚው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ወንበር ላይ ሆናችሁ ስገዱ። ቡና ሲጠጣም በርጩማውን ለሌላ ልቀቁ።

ጥያቄ፦ የደሴ ዳገትስ?

መልስ፦ ለሎሚው የሚብሰው ቁልቁለቱ ነው። ምርኩዝ ይዛችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ውረዱ። ካልሆነም ባጃጅ አለ።