የፈላው ወተት የት አደረ?

ጥያቄ፦ ሦስት ላሞች አሉኝ። ማታ ያለብኩትን ወተት አፍልቼ ነው የማሳድረው። ጠዋት ግን ረግቶና ሸትቶ አገኘዋለሁ። ላሞቹ ታመው ይሆን? ወይስ ማፍላቱን ልተወው?

መልስ፦ ማፍላቱንማ እንዳይተዉት! ጥሬ ወተት ቲቢና ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ላሞቹንም ለጊዜው አይጠርጥሯቸው። ታልቦ የቆየ ወተት ወይም ጡቷን ያመማት ላም ወተት ብዙ ጊዜ ገና እሳት ላይ እያለ ይቆራረጣል። እርስዎ ደግሞ ሲፈላ ተቆራረጠብኝ አላሉም።

አንድ ያልነገሩኝ ነገር አለ። የፈላው ወተት በምን ዕቃ ነው የሚያድረው? ልገምት፤ ወደ ማለቢያው ይመለሳል። ይህን ስንት ቤት እንዳየሁ ብነግርዎ! ሰው እንጨት አንድዶ፣ ጭስ ታግሶ ያፈላል፤ ከዚያ ጥሬ ወተት ግድግዳው ላይ የደረቀበት ዕቃ ውስጥ መልሶ ይገለብጠዋል። ያ ሁሉ ድካም በአንዴ ገደል ገባ። ትንሽ ጥሬ ወተት ሙሉውን ድስት ለመበከል ይበቃዋል።

እና ከዛሬ ማታ ጀምሮ ወተቱ በፈላበት ድስት ይደር። አረፋው ገንፍሎ ስለወጣ ፈላ ብለው አያውርዱት፤ አረፋ ቀድሞ ይነሳል። እሳቱን ቀነስ አድርገው፣ እያማሰሉ አንድ ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ክዳኑንም ትንሽ ገርበብ አድርገው ይድፉበት፤ እንፋሎቱ ያጥበዋል። ቴርሞሜትር ካለዎት 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየትም ይበቃል። ከሌለዎት ግን ማፍላቱ ይሻላል።

ከዚያ ድስቱን እንደተከደነ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡት። ውሃው ከውጭ እስከ ወተቱ ከፍታ ይድረስ፤ ወደ ውስጥ ግን እንዳይገባ። በየመሀሉ በዚያው አብሮ በፈላው ማንኪያ ያማስሉት። የሳፋው ውሃ ሲሞቅ ይቀይሩት። የድስቱ ጎን እጅዎን እስኪቀዘቅዘው ሁለት ሦስቴ መቀየርዎ አይቀርም። ለምን ይህን ያህል ጣጣ? መፍላትን የሚችሉ ጀርሞች አሉ፤ ወተቱ ለብ እንዳለ ካደረ እነሱ ናቸው የሚነቁት። ትልቅ ድስት ደግሞ ዝም ካሉት ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነው።

ቀዘቀዘ አልቀዘቀዘ ለማየት ጣት መንከርም ይቅር፤ ከውጭ መዳሰስ ይበቃል።

ማቀዝቀዣ ካለዎት ከሳፋው ወደዚያ ያስገቡት። ከሌለዎት ጠዋት ይጠጣ፤ ለሌላ ቀን አያቆዩት። ይህን ሳምንት ሞክረው አሁንም ከረጋብዎ መልሰው ይጻፉልኝ፤ ያኔ ስለ ላሞቹ ጡት እናወራለን።