ጥያቄ አለኝ፦ የ1926 ቤታችንን መስኮት ልንቀይር ስንል ጎረቤት «አትንኩት» አለችን

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጆች። እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ ቤት ገዝተን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም፣ በ1926 እ.ኤ.አ. የተሰራ ባንጋሎ ነው፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ ፖርች (በረንዳ) አለው። ዊንተር ላይ መስኮቶቹ ንፋስ እያስገቡ መከራችንን አበሉን። ኮንትራክተር ጠራን፣ ሁሉንም አውጥቼ በቫይኒል (በፕላስቲክ) መስኮት ልተካላችሁ፣ ፖርቹንም ልዝጋና አንድ ክፍል ይውጣችሁ፣ ፐርሚት ምናምን አያስፈልግም አለን። ልንፈርም ስንል ጎረቤታችን ሰፈሩ ሂስቶሪክ ዲስትሪክት (በቅርስነት የተመዘገበ ሰፈር) ነው ዝም ብላችሁ እንዳትነኩት አለችን። ባለቤቴ «በገዛ ቤቴ ማን ነው የሚያዘኝ» እያለ ነው። እውነት ሰው የራሱን መስኮት መቀየር አይችልም እንዴ? እህታችሁ ከታኮማ ፓርክ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። ወረቀቱን ግን እንዳትፈርሚ። ጎረቤትሽ ውለታ ነው የዋለችልሽ፣ ፐርሚት አያስፈልግም ያለሽ ሰው ደግሞ ወይ አላጣራም ወይ ቸኩሏል፣ ቅጣቱና አፍርሶ መመለሱ ሲመጣ የሚጠየቀው የቤቱ ባለቤት ነው እንጂ እሱ አይደለም።

ሰው የሚያምታታው ነገር መዝገቡ ሁለት መሆኑ ነው። ታኮማ ፓርክ በፌዴራሉ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ፣ ናሽናል ሬጂስተር በሚባለው ላይ ከ1976 ጀምሮ አለ፣ እሱ ብቻውን ግን በራስሽ ገንዘብ ቤትሽን ብትቀይሪ አይከለክልሽም። እጅ የሚይዘው የሞንጎምሪ ካውንቲ ሕግ ነው፣ ሰፈሩን በ1992 በራሱ የቅርስ ማስተር ፕላን ውስጥ አስገብቶታል። ከዛ በኋላ የቤቱን ውጪ የሚቀይር ስራ ከመጀመሩ በፊት ሂስቶሪክ ኤሪያ ወርክ ፐርሚት የሚባል ወረቀት ይጠየቃል፣ የሚወስነው የካውንቲው የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን ነው። የቤቱን ውስጥ ግን አይነካም፣ ኪችንሽን እንደፈለግሽ አድርጊው። ተራ ጥገናም ይሄ ፐርሚት አያስፈልገውም።

እዛ ሰፈር ቤቶቹ በሦስት ተመድበዋል፣ በጣም የላቁ፣ ለሰፈሩ መልክ አስተዋጽኦ ያላቸውና የሌላቸው። የናንተ የ1926 ባንጋሎ መሀለኛው ውስጥ የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ ግን በግምት አትሂዱ፣ አድራሻችሁን ይዛችሁ የካውንቲው ፕላኒንግ ቢሮ የቅርስ ክፍል ጋ ደውሉና ጠይቁ። መሀለኛው ላይ ዋናው ጥያቄ ከመንገድ ምን ይታያል የሚለው ነው። ከኋላ በኩል የማይታይ ጭማሪ ብዙ አያጨቃጭቅም፣ ስለዚ ተጨማሪ ክፍል ከፈለጋችሁ ወደ ጓሮ አስቡ። ፖርቹን ግን ተዉት። ባንጋሎ ማለት'ኮ ከፊት ሲታይ ፖርቹ ነው፣ ጣራው ዝቅ ብሎ ክንፉን ዘርግቶ፣ ከታች ሰፍተው ወደ ላይ የሚጠቡ ምሶሶዎች ተሸክመውት፣ የጣራው እንጨት ጫፎች ሳይሸፈኑ ወጥተው እየታዩ፣ ያንን በግድግዳ ስትዘጊው ፊቱ ይጠፋል።

አሁን ወደ መስኮቱ፣ እኔ በጣም የማዝንበት እሱ ነው። የዛን ዘመን መስኮት ከቆየ ጫካ በተቆረጠ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ነው የሚሰራው፣ ዛሬ ገበያ ላይ እንደዛ ያለ እንጨት በቀላሉ አይገኝም። የአብዛኞቹን የጎን ሽፋን ሳንቃ ብታስነሺው ውስጡ ባዶ ቦታ አለ፣ እዛ ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ ዱላ መሳይ ብረት ታገኛለሽ፣ ገመዱ ከላይ በትንሽ መዘውር ዞሮ ከመስኮቱ ክፈፍ ጋር ይታሰራል፣ ብረቱና ክፈፉ ስለሚመዛዘኑ ነው በአንድ እጅ ገፋ ስታደርጊው ባለበት የሚቆመው። ንፋስ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ገመዱ ተበጥሶ፣ መቆለፊያው ላልቶ አልገጥም ሲል ወይ የመስታወቱ ስቱኮ ደርቆ ሲረግፍ ነው። ሁሉም ይጠገናል። ጠግነሽ ዳር ዳሩን ማሸጊያ አድርገሽ ከውጪ ጥሩ ስቶርም ዊንዶው (በነባሩ ላይ የሚደረብ ሁለተኛ መስኮት) ብትጨምሪበት ሙቀት በመያዝ ከአዲሱ ድርብ መስታወት ብዙም አይርቅም። ቫይኒሉ ግን በሁለቱ መስታወት መሀል ያለው ማሸጊያ ሲለቅ ጉም ይይዛል፣ ያኔ የሚጠገን ነገር የለውም፣ አውጥቶ መጣል ነው።

አንድ ነገር አደራ፣ ከ1978 በፊት የተሰራ ቤት ቀለሙ ሊድ (መርዛማው እርሳስ) ሊኖረው ይችላል፣ ልጆች ካሉሽ በተለይ፣ በሊድ ስራ ሰርተፋይድ ያልሆነ ሰው መስኮቱን እንዳይፍቅ።

ባለቤትሽን ደግሞ በገንዘብ በኩል አናግሪው። ካውንቲው ለተፈቀደ የውጪ ጥገና ካወጣችሁት 25 በመቶውን ከፕሮፐርቲ ታክሳችሁ ላይ ይቀንሳል፣ ስቴቱ ደግሞ ለብቻው 20 በመቶ የታክስ ክሬዲት አለው፣ ወጪው ቢያንስ 5,000 ዶላር መሆን አለበት፣ የስቴቱ ግን ስራው ሳይጀመር ነው ማመልከት ያለባችሁ፣ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ሄዶ የሚያጣው እሱን ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ቀን ባትሪ ይዘሽ ቤዝመንት ውረጂና ወለሉን የተሸከሙትን ወራጆች ከስር እያቸው። ፊደልና ቁጥር ተመትቶባቸው ካገኘሽ ቤትሽ በካታሎግ ታዝዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሲርስ የሚባለው የካታሎግ ሱቅ ከ1908 እስከ 1940 ከ70,000 በላይ እንደዚህ አይነት ቤት ሸጧል፣ እንጨቱ ተቆርጦ ቁጥር ተሰጥቶት በባቡር ይመጣና ባለቤቱ ቁጥሩን እያየ ያስገጥመዋል፣ ታኮማ ፓርክ ራሱ በ1883 ባቡሩን ተከትሎ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ሌሎች ካምፓኒዎችም ስለነበሩ ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ፎቶ አንሺውና ፕላኒንግ ቢሮ ስትሄጂ አሳያቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ቤቴ የ1938 የጡብ ቤት ነው፣ ሂስቶሪክ ዲስትሪክት ውስጥ የለም። እኔንስ ይመለከተኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤቱ ራሱ ለብቻው ካልተመዘገበ አይመለከትህም፣ የተለመደው የግንባታ ፐርሚት ብቻ ነው፣ የታክስ ክሬዲቱም እንደዚሁ አይደርስህም። ሊዱ ግን አንተንም ይመለከትሃል። መስኮትህ የድሮው ከሆነ ደግሞ ማንም ባያስገድድህም ከመጣልህ በፊት የእንጨት መስኮት የሚጠግን አናጺ ፈልገህ ዋጋ ጠይቅ።