በርሜል ከመቀየርህ በፊት አንድ ዶላር አውጣ

ወንድሜ፣ ያገለገለ 308 የአደን ጠመንጃ ገዝተህ በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) ሦስት ጥይት ስትተኩስ 10 ሴንቲ ሜትር እየተበታተነብህ «በርሜሉን ልቀይር?» ብለሃል። ቆይ፣ አትቸኩል። እኔም እዚህ ሚኒሶታ ይሄው ገጥሞኝ አዲስ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ገዛሁ። ደህና ብር ነው የወጣው። ለካ ስኮፑ የተቀመጠበት ብሎን ላልቶ ኖሯል!

መጀመሪያ የጥይት ካርታውን (ጥይት የሚሞላበትን ሳጥን) አውጣ። ቃታውን ከፍተህ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ከዚያ የስኮፑንም፣ ጠመንጃውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩትንም ብሎኖች ፈትሽ። በጉልበት አይደለም፤ ልኩ መመሪያው ላይ አለ።

ቀጥሎ አንድ ዶላር አውጣ። የምሬን ነው። ብሩን በበርሜሉና በእንጨቱ መሃል አስገብተህ ከአፈሙዙ በኩል ወደ ኋላ ሳበው። ሳይያዝ መሄድ አለበት። (አንዳንዱ ጠመንጃ ሆን ተብሎ ጫፉ ላይ እንዲነካ ይሠራል፤ የአንተ እንደዚያ ከሆነ ተወው።) በርሜል ሲተኮስ ይርገበገባል። እንጨቱ አንድ ጎኑን ከነካው ጥይቱ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። የእኔ እንጨት ዝናብ ሲመታው አበጠ። በበጋ ያስተካከልኩት ዒላማ ኖቬምበር ላይ፣ አደኑ ሊከፈት ሲል፣ ወደ ግራ ሸሸ። የነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፋቅኩት፤ እርጥበት እንዳይገባው ቀባሁት። ይህ ብቻ ከ10 ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አወረደልኝ።

ያገለገለ ስለሆነ የበርሜሉን ውስጥ በመዳብ ማስለቀቂያ (ጥይት ትቶት የሚያልፈውን መዳብ በሚያነሳ ፈሳሽ) እጠበው።

ጥይት ላይ አትሰስት። 150፣ 165 እና 180 ግሬይን (የአረሩ ክብደት መለኪያ ነው) አንዳንድ ፓኬት ሞክር። የእኔ 150ውን ጭራሽ አይወድም። በ165 ግን 3 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይከታል፤ ለአጋዘን ከበቂ በላይ ነው። የአደን በርሜል ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል። ሦስት ተኩስና እስኪበርድ ሻይህን ጠጣ። በቀዝቃዛው በርሜል የተኮስካት የመጀመሪያዋ የት እንዳረፈች ለብቻ ጻፍ፤ ጫካ ውስጥ የምትፈልጋት እሷን ነው።

አያቴ ምንሽሩን ያለ ስኮፕ ነበር የሚያልመው። ጥይት ውድ ስለነበር ጥይት ሳያጎርስ በባዶው ምላጭ እየሳበ ይለማመድ ነበር። አንተም መመሪያው ከፈቀደ ሞክረው፤ ግማሹ ጥፋት ከጣት ነው።

ብቻ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይር። ሁለት ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም። ዶላሩ የት ላይ እንደያዘብህ ጻፍልን።