ጥላቻን መናገር መብት ነውን? ለወጣቶች የተጻፈ ደብዳቤ

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣

የጥላቻ ንግግር የሐሳብ ነጻነት ከለላ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ጥያቄ በሕግ ሙያ በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ከፊቴ ጠፍቶ አያውቅም። በእናንተ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ሲከራከሩበት ስሰማ አንዱ “ቃል ሰው አይገድልም” ይላል፤ ሌላው “ክፉ የተናገረ ሁሉ ይታሰር” ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም። የቆምኩበትን ቦታ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሰው “እነዚህን ሰዎች እጠላለሁ” በማለቱ ብቻ ወህኒ መውረድ የለበትም። ሰሚው ተነሥቶ እንዲደበድብ፣ እንዲያፈናቅል፣ እንዲገድል የሚጠራ ንግግር ግን በምንም ዓይነት ነጻነት ስም ሊጠበቅ አይገባም። አስቸጋሪው ሥራ ያለው በሁለቱ መካከል ነው።

ቃል አይገድልም የምትሉ የሩዋንዳውን የአርቲኤልኤም ሬዲዮ ጣቢያ ታሪክ ከመጀመሪያው አንብቡ፤ ከመጨረሻው ብቻ አይደለም። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1993 ሥርጭት ሲጀምር ወጣቱ የሚወደውን ሙዚቃ ያሰማ ነበር። አቅራቢዎቹ ጨዋታ አዋቂዎች ነበሩ፤ ይቀልዳሉ፣ ያወጋሉ፣ አድማጭን በስልክ ያነጋግራሉ። በጨዋታው መሃል ግን በቁጥር አናሳ የሆኑት የሀገሪቱ ቱትሲዎች በረሮ እየተባሉ ይጠራሉ። ጆሮ ስድቡን ከሙዚቃው ጋር ለመደው። በኤፕሪል 1994 ግድያው ሲጀመር እነዚያው የታወቁ ድምፆች የሰዎችን ስም፣ አድራሻና የመኪና ሰሌዳ ቁጥር ያነቡ ጀመር። መንገድ ዘግተው ገጀራ ይዘው የቆሙትም ሬዲዮ ከፍተው ያዳምጡ ነበር። በ100 ቀናት ገደማ የተገደለው ሰው ብዛት በአብዛኛው በሚጠቀሰው ግምት 800,000 ይደርሳል። ከዚህ በኋላ ቃልና ድርጊት አይገናኙም ለሚለኝ ሰው ብዙ ትዕግሥት የለኝም።

ጉዳዩ በታንዛኒያዋ አሩሻ ላይ ለተሰየመው ዓለም አቀፍ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በ2003 ከጣቢያው መሥራቾች ሁለቱ፣ ከእነርሱም ጋር በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ ይሰብክ የነበረው የካንጉራ ጋዜጣ አዘጋጅ ጥፋተኛ ተባሉ። በ2007 የይግባኝ ችሎቱ ፍርዱን በከፊል ሽሮ ቅጣቱን ቀነሰ። ያሰመረው መስመር ይህ ነው፦ የጥላቻ ንግግር በራሱ ለዘር ማጥፋት የሚደረግ ቀጥተኛ ቅስቀሳ አይደለም። ከኤፕሪል 6 ቀን 1994 በኋላ የተላለፉት ሥርጭቶች እንዲህ ያለ ቅስቀሳ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ግን ጥላቻ ቢሰብኩም እዚያ ደረጃ መድረሳቸው አልተረጋገጠም። ይህን ሳነብ ዛሬም ልቤ ይከብደዋል፤ ጆሮ የለመደው በእነዚያ ወራት ነውና። ቢሆንም ችሎቱ ልክ ነበር እላለሁ። ከወንጀሎች ሁሉ የከበደውን ስም ከእርሱ ላነሰ ጥፋት መስጠት ከጀመርን፣ ነገ ማንም ባለሥልጣን ተቃዋሚውን በዚያው ስም ይከስሳል።

ታዲያ ከኤፕሪል በፊት ዝም ብሎ ማየት ነበረብን ወይ ትሉኛላችሁ። ማንም ዝም አላለም አልልም፤ ዝም ያላለ ሰው ግን ነበር። የሩዋንዳ የማስታወቂያ ሚኒስትር ፎስታን ሩኮጎዛ የጣቢያውን ኃላፊዎች እየጠሩ አስጠንቅቀው ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን፣ ግድያው እንደተጀመረ፣ እርሳቸውም ተገደሉ። ከጣቢያው ባለ አክሲዮኖች ከፍተኛውን ድርሻ የያዙት የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ ስታውቁ የነገሩ ሥር ይገባችኋል። የጎደለው የሕግ አንቀጽ አልነበረም። ጥላቻውን የሚነዛው ክፍል ከሥልጣን ጋር አንድ ማዕድ ላይ ስለተቀመጠ ሕጉን የሚያስፈጽም ክንድ ታጣ።

“ይታሰሩ” የምትሉትን የምጠይቃችሁም ይህንኑ ነው። አሳሪው ማን ነው? ዴር ሽቱርመር የተባለውን የአይሁድ ጥላቻ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ዩሊዩስ ሽትራይኸር፣ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት በነበረው የጀርመን ሪፐብሊክ ፍርድ ቤት ቀርቦ ታስሯል። ወህኒው ጋዜጣውን አልዘጋም። ናዚዎች መንግሥት ሲሆኑ ደግሞ የሚከስሰው ጠፋ፤ በመጨረሻ የናዚ መሪዎች በተዳኙባት በኑረምበርግ በ1946 በስቅላት የተቀጣው ሚሊዮኖች ካለቁ በኋላ ነው። ብሪታንያ በ1965 የዘር ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግር በሕግ ከለከለች። ሕጉ የታሰበው ከየቅኝ ግዛቱ ለመጡ ጥቁሮችና እስያውያን ጥበቃ ነበር። ነጭ ዘረኞችን አስሯል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በ1967 ማይክል ኤክስ በመባል የሚታወቀው ጥቁር ተሟጋች በነጮች ላይ ባደረገው ንግግር በዚያው ሕግ 12 ወር ተፈረደበት። ንግግሩን አላሞግሰውም፤ ክፉ ነበር። ለደካማው የተሰፋ ልብስ ጉልበተኛው ሲለብሰው ልኩ እንደሚሆን ግን እወቁ። ስለዚህ ማንኛውንም ሕግ ከመደገፋችሁ በፊት በጣም በምትፈሩት መንግሥት እጅ ሆኖ ገምቱት።

የዚህን ክርክር ሌላ ጫፍ ለማየት አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ወዳለችው ስኮኪ ሂዱ። በ1977 ጥቂት የአሜሪካ ናዚዎች የናዚ ምልክት የሆነውን ስዋስቲካ አንግበው በዚያች ከተማ ሰልፍ እንወጣለን አሉ። በከተማዋ ከናዚ ካምፖች የተረፉ ብዙ አይሁዳውያን ይኖሩ ነበር። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት ለናዚዎቹ ጠበቃ ቆመላቸው። ጠበቃው ዴቪድ ጎልድበርገር አይሁዳዊ ነበር፤ የኅብረቱ ሥራ አስኪያጅ አርየህ ናየርም በልጅነቱ ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። ኅብረቱ ብዙ አባላቱን አጣ፤ አቋሙን ግን አልለወጠም። ናዚዎቹ በፍርድ ቤት አሸንፈው ሲያበቁ ስኮኪ ላይ ሳይሰለፉ ቀሩ፤ በምትኩ ቺካጎ ውስጥ ተሰብስበው ተበተኑ። የእነናየርን ጽናት አከብራለሁ። ሆኖም ከካምፕ የተረፈች እናት በመስኮቷ ስዋስቲካ እንድታይ መፍቀድ ዋጋ አያስከፍልም የሚል ሰው ካለ አልሰማውም። ዋጋ ያስከፍላል፤ የሚከፍለውም ነጻነቱን የሚያሞግሰው ሳይሆን በመስኮት የሚያየው ነው። ለመናገር መብት የምትከራከሩ ከሆነ ይህን ዋጋ ሳትደብቁ ተከራከሩ።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የተሻለ መንገድ የሚያሳየው በ2012 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር በባለሙያዎች የጸደቀው የራባት የድርጊት መርሐ ግብር ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 19 የመናገርን መብት አውጆ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ መድልዎን፣ ጠላትነትን ወይም የኃይል ጥቃትን የሚቀሰቅስ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። ራባት ሁለቱን ለማስታረቅ ዳኛው ስለ ጊዜው ሁኔታ፣ ስለ ተናጋሪው ማንነትና ተሰሚነት፣ ሆን ብሎ ለመቀስቀስ ስለ ማሰቡ፣ ስለ ንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ ስለ ሥርጭቱ ስፋት፣ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችልበት ዕድል እንዲመረምር ያደርገዋል። ወንጀል የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከዚያ በፊት የፍትሐ ብሔር ካሣ አለ፣ የብሮድካስት ፈቃድ ቁጥጥር አለ፣ የባለሥልጣናት ይፋዊ ውግዘት አለ። በሩዋንዳ በእነዚያ ወራት ሊሠራ ይገባው የነበረው ይህ ነው።

ከስድስቱ ጥያቄዎች እኔ የማስቀድመው የተናጋሪውን ነው። አንድ ሰካራም በመንገድ ላይ የሚጮኸው ስድብና ታጣቂዎች የሚታዘዙለት መሪ በማይክሮፎን የሚናገረው፣ ቃላቸው ፊደል በፊደል አንድ ቢሆን እንኳ፣ አንድ ነገር አይደሉም። በሥራዬ ያየሁት ግን ብዙ ጊዜ ሰካራሙ ሲከሰስ፣ መሪው በክብር ሲሸኝ ነው።

ሕግ የምታጠኑ ደግሞ ይህን ያዙ። የንግግር ክስ መዝገብ ስትከፍቱ በአብዛኛው የምታገኙት ሁለት መስመር የተቆረጠ ጥቅስ ነው። ከበላዩ ምን እንደተባለ የለም፤ ከበታቹ ምን እንደተከተለ የለም፤ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ከሆነም ማን እንደተረጎመው አይታወቅም። ሙሉውን ቅጂ ሳትሰሙ አትክሰሱ፣ አትከላከሉ፣ አትፍረዱ። ጋዜጠኛ ለመሆን የምታስቡም የየርሲልድን ጉዳይ እወቁ። ይህ የዴንማርክ ጋዜጠኛ ዘረኛ ወጣቶችን በቴሌቪዥን አነጋግሮ ንግግራቸውን ስላሰራጨ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1994፣ በ12 ድምፅ ለ7፣ መብቱ ተጥሷል አለ። ጥላቻን ለማጋለጥ ማሳየትና ጥላቻን መስበክ ለየብቻ ናቸው። በስልካችሁ አንድ ንግግር ስታጋሩ ግን ከሁለቱ የትኛውን እየሠራችሁ እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ፤ ከሕግ ውጭ ነው። ከሌላው ወገን የሚመጣውን የጥላቻ ንግግር ለመለየት ማንም አይቸገርም፤ ሁላችንም ለእርሱ ጆሯችን ስል ነው። የሚከብደው የራሳችን ሰው፣ የምንወደው፣ በብዙ ነገር ልክ የሆነው ሰው ሌሎችን እንደ እንስሳ ጠርቶ ሲያስቀን ነው። በዚያች ሰዓት ዳኛ የለም፣ ዐቃቤ ሕግ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ሌላው ወገን ቢገሥጸው እልህ ይይዘዋል፤ እናንተ “ይህስ አይባልም” ብትሉት ግን ሊሰማችሁ ይችላል። ሳቁ ሳይበርድ፣ እዚያው ሰው ፊት፣ ስሙን ጠርታችሁ ንገሩት።