«አስተካከልኩ» ሲባል ሠሪው ማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። ከአባቴ የወረስኳትን፣ ሁለት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቅ ዕቃ) ያላትን ቮልስዋገን 1600 ግቢዬ ውስጥ ራሴ ነካክቼ ሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው የሞተሩ ዙር) ሲረጋጋ፣ ለወዳጄ «ካርቡራተሮቹን አስተካከልኳቸው» ብዬ ብጽፍለት «ስንት አስከፈሉህ?» ሲል መለሰልኝ። ቃሉ «ሌላ ሰው አሠራሁ» ማለት ነውን?

መልስ፦ ዐረፍተ ነገርዎ ስሕተት የለበትም፤ ወዳጅዎም ያለ ምክንያት አልጠየቁም። «ፈታሁ» እና «አስፈታሁ»፣ «አጸዳሁ» እና «አስጸዳሁ»፣ «ቀየርኩ» እና «አስቀየርኩ» ስንል፣ በ«አስ» ምክንያት የሌላ ሰው እጅ እንደገባበት ወዲያው ይታወቃል። «አስተካከለ» ግን «አስ»ን ያገኘው ከ«ተካከለ» ሲወጣ ነው፦ ሁለት ነገሮች እርስ በርስ እኩል ቢሆኑ «ተካከሉ»፣ እኩል ያደረጋቸው ሰው ደግሞ «አስተካከላቸው» ይባላል። በእርስዎ ሥራ ላይ ቃሉ ከዚህ ፍቺው እምብዛም አልራቀም። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ የቀጭን የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን በየተራ በሁለቱ ካርቡራተሮች አፍ ላይ ይዞ፣ የሚሳበው አየር ፉጨት ከሁለቱም ወገን እስኪመሳሰል ድረስ ብሎኖቹን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር፣ በትክክለኛው ትርጉሙ ማስተካከል ነው።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው፣ ግሡ «አስ»ን አስቀድሞ ስለያዘ ሌላ «አስ» ስለማይደረብበት ነው። ስለዚህ በገዛ እጁ የሠራውም፣ ጋራዥ ወስዶ ያሠራውም እኩል «አስተካከልኩ» ይላሉ። ፀጉሩን የተቆረጠ ሰው «ተስተካከልኩ» ብሎ ከዚህ መንታነት ያመልጣል፤ ባለመኪና ግን ይህ መውጫ የለውም።

እኔ ብሆን «ራሴ አስተካከልኳቸው» እላለሁ፤ መካኒክ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ ደግሞ «አሠራኋቸው» ወይም «መካኒኩ አስተካከለልኝ» ማለት ይበቃል። ከዚህም የተሻለው ሥራውን በየግሡ መዘርዘር ነው፦ «ማጣሪያውን ፈታሁ፤ የቤንዚን ቀዳዳዎቹን በአየር አጸዳሁ፤ የድብልቁን ብሎን መጨረሻው እስኪነካ ቀስ ብዬ አጠበቅኩና መልሼ አላላሁ»። ቀስ ማለትዎንም ይጻፉት፤ ያቺ ብሎን በኃይል ከጠበቀች ሹል ጫፏ ይበላሻል። በዚህ ቦታ ላይ ግን፣ መካኒክ ያጠበቀልዎ ቢሆን እንኳ፣ «ብሎኗን አስጠበቅኩ» ከማለት ይቆጠቡ፤ በጽሑፍ ሲነበብ ዘበኛ ያቆሙላት ይመስላልና።